ጥንዴና የካልሲው ሣጥን

እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር፤ እኛ ግን ጥንዴ እንላት ነበር። ጥንዱን ያጣ ነገር ካየች ልቧ አያርፍም። ደጃፍ ላይ አንዱ ጫማ ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ ዞሮ ካገኘች ጎንበስ ብላ ጎን ለጎን ታስቀምጥና «በሉ፣ አትኮራረፉ!» ብላ ትገሥጻቸዋለች። ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አእምሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በራሱ እርምጃ የሚሄድ ነበር። ፊደል አልገባትም፤ ሰዓትም ማየት አትችልም። ያየችውን ነገር ግን አትረሳም።

የምንውልበት ማዕከል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆኑ ከውስጥ ሆኖ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። እንደ ጥንዴ ያሉ ዐሥራ ሁለት ጎልማሶች ጠዋት ሁለት ሰዓት ይመጣሉ፤ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ቤተሰብ መጥቶ ይወስዳቸዋል። የእኔ ድርሻ ለእነርሱ ሥራ መፈለግና እስኪለምዱ አብሮ መዋል ነበር። እንዲህ ይባል እንጂ ሥራ የሚሰጠን አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ከነማመልከቻዬ በር ላይ ቆሜ እመለስ ነበር።

በረጅሙ ገበታ ላይ አንድ ሣጥን ካልሲ ነበረን። ከዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግን እንድንመልስለት ልኮልን ነበር፤ ሳንጨርስ ፋብሪካው ተዘጋ። ሣጥኑ እኛው ዘንድ ቀረ። ጠዋት ይዘረገፋል፤ ቀኑን ሙሉ ቀለሙ ከቀለሙ፣ ልኩ ከልኩ ይገጣጠማል፤ ማታ ማታ ሁሉም ተጣጥፎ በረድፍ ይደረደራል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ መልሶ ይፈታና ይበተናል፤ ለነገ ሥራ እንዲሆን።

የምበትነው እኔ ነበርሁ። ኃላፊያችን፣ ደግ ግን የደከማት ሴት፣ «እጃቸውን አጣጥፈው ከሚውሉ ይሻላል፤ ምን ይደረግ?» አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ስድስት ዓመት እሺ አልሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጥንዴ ሁለት ካልሲ ይዛ ተነሣች። በአንደኛው ጫፍ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ በሌላውም እንዲሁ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ትናንት ገጥሜያቸው ነበር። ክሩን ያሰርሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ማነው የሚበትናቸው?»

ዓይኔን ወደ ሣጥኑ መለስሁ። ሰው ባየ ቁጥር ወታደራዊ ሰላምታ የሚሰጠውና በዚሁ «ሻለቃ» የተባለው፣ ገበታው ላይ ከጎኗ የሚቀመጠው ሰው ደረሰልኝ።

«ሰይጣን ነዋ!»

«ሂድ ወዲያ! ሰይጣን ካልሲ ምን ያደርግለታል? እግሩ ሰኮና አይደል እንዴ?»

ገበታው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እርስዋ ግን አልሳቀችም፤ ትኩር ብላ አየችኝና ቁጭ ብላ እንደገና መግጠም ጀመረች።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። አናጺ ነው፤ ሚስቱም ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ትውላለች። ማዕከሉ በሚዘጋበት ቀን ጥንዴን ቤት ትተው ከውጭ ይቆልፉባታል። ክፋት የለባቸውም። አንድ ጊዜ በር ተከፍቶላት ወጥታ መንገድ ጠፍቷት፣ በማግሥቱ ከከተማው ዳር ተጠምታና እግሯ ቆስሎ ነው የተገኘችው። ወንድሟ ያን ቀን ሲያነሣ እስከ ዛሬ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በምሽት ከእንጨት ሥራው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ቁልፉን ማዞር ነው፤ ከዚያ «አለሽ?» ይላል። እርስዋም ከውስጥ «የት ልሄድ?» ትላለች።

አንዲት ነገር ግን ቃል ገብቶላት ነበር። «እንደ ሰው ሥራ ከያዝሽ የራስሽን ቁልፍ አስቀርጽልሻለሁ» ብሏታል። ይህን ለእኔ በቀን ሦስት ጊዜ ትነግረኝ ነበር።

እናም አንድ ቀን ቀናን። የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ አንድ አንሶላ አጣጣፊ ፈለገ። የማጠቢያው ሹም ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ሳሙና» ይላታል፤ እርስዋም ትወደዋለች። የሁለት ሳምንት ሙከራ ፈቀደችልን። ወንድሟ ፈረመ። የፈረመ ዕለት ማታ ቁልፉን አስቀረጸና ጥንዴ ሙከራውን ስትጨርስ ልትወስደው በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

በልብስ ማጠቢያው ውስጥ እንፋሎቱ ፊት ይመታል፤ ማሽኖቹ እየተንገጫገጩ ሰውን ከሰው አያደማምጡም። ጥንዴ ግን ውኃ ውስጥ እንደ ገባ ዓሣ ሆነች። ማዕዘን ከማዕዘን ትገጥማለች፣ ታጥፋለች፣ በእጇ መዳፍ ታሻለች፣ ትደረድራለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ እንጂ!» ትላለች እትዬ ሳሙና። «ማሽኑ ይቀናብሽና ይበላሽብናል!»

«ማሽኑ እጅ የለውም» ትላለች ጥንዴ።

ስምንት ቀን እንዲህ ሄደ። እኔ ከጎኗ ቆሜ ሥራ ስለ ፈታሁ የልብስ ቁልፍ ለመስፋት ተመደብሁ።

በዘጠነኛው ቀን የቆሸሸ ልብስ የሚያመጣው ጋሪ ገብቶ ሲገለበጥ ጥንዴ ዞር ብላ አየች። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ ክር የተጣፈ አንድ አንሶላ አለ። ትናንት ራሷ አጥፋዋለች፤ የተጣፈበትን በጣቷ ዳስሳ «ማነው የሰፋህ?» ብላውም ነበር። አሁን ተጨማድዶ፣ ተበትኖ፣ መሬት ላይ ወድቋል።

የያዘችውን ለቀቀች። ሄዳ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች፤ እጇን በጉልበቷ መካከል ቀበረች።

«ጥንዴ፣ ምን ሆንሽ?»

«እዚህም ይበትናሉ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከቦታዋ አልተነሣችም።

አንሶላው ተከመረ። ከላይ ከሕሙማን ክፍል «አንሶላ የታለ?» እያሉ ሰው ላኩ። እትዬ ሳሙና መጀመሪያ ለመነቻት፤ ቀጥሎ ተቆጣች፤ በመጨረሻ «እኔ የለመንሁት ሠራተኛ ነው እንጂ የምታኮርፍ ሙሽራ አይደለም!» ብላ ወደ ማዕከሉ ስልክ ደወለች።

እኔ ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ክንዷን ይዤ በደረጃው ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወሰድኋት። አንድ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ሾርባ ደፍተው ነርሷ አንሶላውን እየገፈፈች ነበር።

«ልጄ፣ ልትቆጪኝ መጣሽ?» አሏት ሽማግሌው። «እጄ ተንቀጥቅጦ ነው።»

ጥንዴ ሾርባውን አየች፤ ነርሷ የምታነጥፈውን አዲስ አንሶላም አየች፤ እጥፋቱ ገና መስመሩን አልለቀቀም።

«ይሄን ያጠፍሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ታዲያ እግዜር ይስጥሽ፤ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል።»

«ይተኙበታል?»

«ልበላው ነው እንግዲህ?» ብለው ሳቁ። ጥንዴም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወርዳ የተከመረውን ሁሉ እስከ ዐሥር ሰዓት አጥፋ ጨረሰች፤ አንዲት የትራስ ልብስ እንኳ አልቀረችም።

ግን ስልኩ ተደውሏል፤ ሙከራው እንደ ተቋረጠ ተቆጥሯል። በማዕከላችን ሕግ ሙከራው ከተቋረጠ ቤተሰብ እንደገና መፈረም አለበት። እትዬ ሳሙናም ንዴቷ በርዶ «ይፈርሙላትና ትምጣ፤ እጇ ወርቅ ነው» አለች። እንግዲህ ሁሉ ነገር የቀረው በወንድሟ እጅ ነው።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ሄድሁ። ጣውላ እየላገ ነበር፤ መላጊያውን አስቀምጦ እጁን ጠረገ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለኝ። «ለምንድነው የተቀመጠችው?»

እዚህ ላይ ስድስቱ ዓመት ትዝ አለኝ። ማታ ማታ ሥራዋን እየበተንሁ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፣ ሰው የሠራውን ሁሉ ሌላ ሰው ያፈርሰዋል ብላ እንድታምን ያደረግሁ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ይህን ብል ወሬው ከዐሥራ ሁለቱም ቤት ይደርሳል፤ ኃላፊያችን ትዋረዳለች፤ ማዕከሉም ይዘጋ ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰብሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን ስለ ራሴ አሰብሁ።

«እንዲያው ደክሟት ነው» አልሁት።

መላጊያውን መልሶ አነሣ። «ዛሬ ደከመኝ ብላ ተቀመጠች» አለ። «ነገ ደከመኝ ብላ ብትወጣስ? ያን ጊዜ ማን ያመጣልኛል? አንተ ታመጣልኛለህ? ዘንድሮ ይለፍ፣ ወንድሜ። ሌላ ዓመት እናያለን።»

ወረቀቱን እንደ ያዝሁ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬ ቆሜ ነበር፤ ሁለት ጊዜም መንገዴን ቀጠልሁ።

ጥንዴ ሦስት ቀን ሙሉ የማጠቢያውን ሽርጥ ለብሳ መጣች። በአራተኛው ቀን ሽርጡን አጣጥፋ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ለእትዬ ሳሙና አድርስልኝ» አለች። ቁልፉን አላነሣችም። በኋላ ከወንድሟ ሚስት እንደ ሰማሁት ቁልፉ ከሚስማሩ አልወረደም፤ ቤት በተቆለፈባት ቀን ጥንዴ ሥሩ ወንበር ስባ ትቀመጥ ነበር አሉ።

ካልሲውን እንደገና ትገጥም ጀመር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አመጣች፤ አንድ ጥንድ በጨረሰች ቁጥር ወደ ላይ አንሥታ፦

«ይሄን እግሩ ላይ ማነው የሚያደርገው?»

ሻለቃ አንዴ «ጄኔራሉ!» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እርስዋ ግን ጥያቄውን ለእኔ ነበር ያቀረበችው፤ መልስም ትጠብቅ ነበር። ማታ ማታ መበተኑን እኔ ተውሁ፤ አልችል አልሁ። ከእኔ በኋላ ግን ሌላ ሰው ተመደበ። «ሌላ ዓመት» የተባለው መጣ፤ ከእርሱ በኋላ ያለውም መጣ። በሁለቱም ወረቀቱን ይዤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ ደርሻለሁ፤ በሁለቱም ያው ጥያቄ ጠበቀኝ፤ በሁለቱም ያው መልስ ከአፌ ወጣ።

ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርሁ። በመጨረሻው ቀን ገበታውን ዞሬ ሁሉንም ተሰናበትሁ። ሻለቃ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠኝ። ጥንዴ ከወንበሯ አልተነሣችም። እጇን ወደ ሣጥኑ ሰድዳ ጥቂት ፈለገችና ግራጫ ጥንድ አውጥታ ሰጠችኝ። በሁለቱም ጫፍ ላይ ቀዩ ክር ነበረ፤ ቀለሙ ለቆ ሮዝ ሆኗል።

«ለአንተ ነው፣ ጋሼ» አለች። «አንተ ታደርገዋለህ።»

«አደርገዋለሁ፣ እኅቴ።»

ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። በዚያች ጠዋት ሁሉም ሲስቅ እርስዋ ብቻ ሳትስቅ እንዳየችኝ ነበር።

«እነዚህን እንኳ አትበትናቸው» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።