የቀረው የከፋዩ ነው

ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ የቅርጫ በሬ ሲታረድ ቢላ የሚይዙት ጋሽ ኪዳነ ወልድ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሥጋ ሲከፍሉ አንድ ሰው «አነሰብኝ» ብሎ አያውቅም። ሥጋውን ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረድራሉ፤ ከሻኛውም፣ ከሽንጡም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም ትንሽ ትንሽ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አጥር ያዞራሉ። ሰው ሁሉ እጣውን፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ ጠጠር፣ በረዳታቸው በእኔ እጅ ላይ ያኖራል። እኔ ሰብስቤ በጀርባቸው አቀብላቸዋለሁ። የማን እንደሆነ ሳያውቁ በየመደቡ ጣል ጣል ያደርጋሉ። የራሳቸውን እጣ ግን አያስገቡም። ሰው አንስቶ ሲያበቃ የቀረችውን መደብ ይወስዳሉ።

«የቀረው የከፋዩ ነው» ይላሉ። «እንዲህ ከሆነ ቢላው አያደላም።»

የቱን ሥጋ እንደሚወዱ የጠየቃቸው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ እጣ ከወደቀ አይለወጥም። ይሄን ያመጡት ከአንበሳሜ ነው። ወጣት ሳሉ እዚያ ለሁለት ወንድማማቾች አንዲት በቅሎና አንዲት ላም አካፈሉ። እጣው ከወደቀ በኋላ ወንድማማቾቹ «እንለዋወጥ» አሉ፤ እሳቸውም «ለውጡ» አሉ። በሁለተኛው ወር ላሚቱ ወለደች። ባለ በቅሎው ላሜን መልስ አለ፣ ባለ ላሙ አልመልስም አለ። አንደኛው ሲቀበር አፈር ካለበሱት መካከል አንዱ ጋሽ ኪዳነ ወልድ ነበሩ። የትኛው እንደሆነ ነግረውኝ አያውቁም።

አምና ባለ ጀልባው ጊዮርጊስ ሞተ። ሁለት ልጅና ሁለት ንብረት ነበረው፤ ባለ ሞተር ጀልባና የእህል ወፍጮ። ወንድ ልጁ ሣህሉ ጀልባ ላይ ያደገ ነው፤ ሐይቁን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ሴቷ ልጁ ማኅሌት ዐሥር ዓመት ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሳ የኖረች ናት፤ ውሃ የምትወደው በጆግ ሲሆን ነው። ማን ምን እንደሚወስድ ሕፃንም ያውቀዋል። ግን ያንተ ይበልጣል፣ ያንቺ ይበልጣል እየተባባሉ ተኳረፉና ጋሽ ኪዳነ ወልድ ተጠሩ።

እጣውን እንዳይለውጡ ሁለቱንም አስማሏቸው። ነጭ ድንጋይ ለወፍጮው፣ ጥቁር ድንጋይ ለጀልባዋ አስቀመጡ። ማኅሌት የቀሚሷን ቁልፍ፣ ሣህሉ የገመድ ቁራጭ ሰጡኝ። ጋሽ ኪዳነ ወልድ ዞረው ጣሉ። ቁልፉ ጥቁሩ ላይ አረፈ።

እህትና ወንድም ተያይተው ሳቁ። ኩርፊያው እዚያው ቀረ።

«ጋሼ፣ በቃ እንለዋወጣለን» አለ ሣህሉ።

«እጣ ነው እኮ፣ ጫማ አይደለም።»

«ሁለታችንም ወደን ነው!» አለች ማኅሌት።

«የአንበሳሜዎቹም ወደው ነበር። ምላችኋል።»

ሣህሉ ወፍጮ ቤት ገባ። በሳምንቱ ጎረቤታችን ሸጊቱ «አንተ ልጅ፣ ዱቄት ነው ወይስ ኮረኮንች?» አለችው። ማኅሌት ደግሞ መሪ ያዘች። ሣህሉ ላስተምራት ቢል ጋሽ ኪዳነ ወልድ ከለከሉ፤ «ዛሬ መሪ ይይዛል፣ ነገ የኔ ናት ይላል።» ጀልባዋ ሁለቴ ከወደቡ ድንጋይ ጋር ተላተመችና ተሰነጠቀች። ስንጥቁን በማጣበቂያ ደፈኑት። አምስት የመንሳፈፊያ ጃኬት ነበራት፤ አራቱን አይጥ በላቸው።

አንድ ቀን ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ያሉ ማኅበርተኞች በሬ ሊጥሉ ነውና ከፋይ ላኩልን አሉ። ከሰዓት ተነሣን፤ ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ ማኅሌትና እኔ። ሣህሉ ከነዱቄቱ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ያንን ደመና ይዩት! ወይ ነገ በጠዋት ሂዱ፣ ወይ እኔ ልንዳ!»

«ወፍጮህ ላይ ወረፋ አለ።»

«ወረፋው ገደል ይግባ! እህቴ ዋና አትችልም!»

«ምለሃል።»

ሣህሉ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ እንደሆነ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። ርቀንም ይታየኝ ነበር።

መሀል ስንደርስ ነፋሱ መጣ። ሐይቁ ጠቆረ። ስንጥቁ ተከፈተ፤ ማኅሌት በጣሳ ትቀዳለች፣ ውሃው ከጣሳዋ ይፈጥናል። ሞተሩ አንዴ አሳለና ዝም አለ። ሦስታችንም የተረፈችውን አንዲት ጃኬት አየናት።

«ማን ያድርገው?» አልሁ።

«እጣ» አሉ ጋሽ ኪዳነ ወልድ። ሌላ ምን ይበሉ።

«እርስዎስ ጋሼ?» አለች ማኅሌት።

«ከፋይ እጣ የለውም።»

ጀርባቸውን ሰጡን፤ ፊታቸው ወደ ማዕበሉ። እሷ ቁልፍ፣ እኔ የክብሪት እንጨት አቀበልናቸው። አንዱን ጃኬቱ ላይ፣ አንዱን ወደ ውሃው ጣሉ። ጃኬቱ ላይ ያረፈችው የእኔ ክብሪት ናት።

«ጋሼ፣ እኔ እዋኛለሁ። ለእሷ ይለወጥ» አልሁ። ይሄን ለማለት ትንሽ ቆይቻለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ።

ውሃው ጉልበታችን ደረሰ።

«ጋሼ!»

«ለውጡ» አሉ። ራሳቸው አለበሷት፤ ማሰሪያውን ሁለቴ አጠበቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንበሳሜም ያልሁት ይሄንኑ ነበር» አሉ። ቀጣዩ ማዕበል ገለበጠን።

ሣህሉ የሰው እህል ወፍጮው ውስጥ ትቶ፣ ጀልባ ተውሶ ደረሰ። ማኅሌትንና እኔን አወጣ። ጋሽ ኪዳነ ወልድን በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ አገኘናቸው። ዋና ይችሉ እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጀልባዋ ሐይቁ ሥር ቀረች። አሁን ወፍጮው አንድ፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው። ሣህሉ በእጣ የደረሰኝ ነው ይላል። ማኅሌት፣ ያኔ ብንለዋወጥ ኖሮ የኔ ነበር ትላለች።

ለአርባቸው በሬ ታረደ። ቢላውን ለእኔ ሰጡኝ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሣህሉና ማኅሌት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ አይተያዩም። መደቡን ደርድሬ ስጨርስ ሣህሉ ጠጋ አለኝ።

«ከዚህ በኋላ የምታካፍለን አንዲት ወፍጮ አለች» አለኝ በቀስታ።

ማኅሌት ቀና ብላ አየችን። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርሁ።