የማዘር አክታ

አየር ጤና አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምኖረው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ነው። ሰርቪስ ቤታቸውን ያከራዩኝ ማዘር ሥራዬን ከሰሙ ወዲህ እጄን ጨብጠውኝ አያውቁም። "የሰገራ ዶክተር" ነው የሚሉኝ። እንግዳ ሲመጣ ግን "ዶክተራችን" እሆናለሁ፤ ሰገራዋ ትቀራለች።

ማይክሮስኮፓችን ምስኪን ነው። ብርሃን ከሥሩ ይገባና ስላይድ የምንላት ስስ ብርጭቆ ላይ ያለችውን ጠብታ አልፎ ዓይኔ ዘንድ ይደርሳል፤ ሌላ ተአምር የለውም። መብራት ሲጠፋ፣ ሲጠፋ ማለት ዘወትር ነው፣ በአምፖሉ ቦታ መስታወት እንገጥምለትና መስኮት ዳር ፀሐይ እናሞቀዋለን። የሰፈሬ ሰው ደግሞ "ምንም የለብዎትም" ስለው ይቀየመኛል። ደክሞ መጥቶ፣ ተሰልፎ፣ አንዲት አሜባ እንኳ ይነፈጋል? ምንም እንዳይገኝባቸው የለመኑኝ ማዘር ብቻ ናቸው።

የለመኑኝ ሳል ሲጸናባቸው ነው። ከስተዋል፣ ሌሊት ያልባቸዋል። አንዲት ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው፤ የአማቾቿ ወገን "የሳምባ በሽታ ያለበት ቤት ነው" ብሎ ሰርጉን እንዳያፈርስ ፈርተዋል።

"አፈር ስሆን፣ ማንም ሳይሰማ አንተው እይልኝ" አሉኝ።

"ማዘር፣ ቲቢ እኮ ይድናል። መድኃኒቱም በነጻ ነው።"

"መድኃኒቱስ ነጻ ነው፤ ወሬው ነው ውዱ።"

ክዳን ያለው ዕቃ ሰጥቼ፣ ጠዋት እንደነቁ ምራቅ ሳይሆን ከደረት የወጣ አክታ እንዲያደርጉበት ነገርኳቸው።

በማግስቱ ዕቃዋን በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርበው፣ ከላይ የድፎ ቁራሽ ጣል አድርገው፣ ጎረቤት እንዲሰማ "ቁርስህን እንዳትረሳ!" እያሉ አስያዙኝ። ጎረቤቴ "ታድለህ፣ እንዲህ ያለች አከራይ!" አለኝ።

ጥሩ አክታ ነበር፤ በኛ ሙያ እንዲህ ያለ አድናቆት አለ። ስላይዷ ላይ ቀባሁት፣ አደረቅሁት፣ ቀይ ቀለም አጠጣሁት፣ በአሲድ አጥቤ ሰማያዊ ደረብኩበት። መብራት ስላልነበረ መስኮት ዳር ሄጄ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ አጎነበስኩ። በሰማያዊው ላይ ቀያይ ጭራሮ የመሰሉ የቲቢ ተህዋሲያን ተበትነዋል። መፈለግ እንኳ አላስፈለገም። ለካ ሴትዮዋን እወዳቸዋለሁ።

ከሥራ ስመለስ ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት ሲልጡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና "ማዘር፣ ተገኝቷል። ነገውኑ መድኃኒት ይጀምራሉ" አልኳቸው።

ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፤ ሳቁም ወደ ሳል ዞረ።

"እኔን ሞኝ! ይሄን መሣሪያ አምኜ ፈርቼ ነበር። ውሸታም ነው።"

"እንዴት ውሸታም ይሆናል?"

"አክታው የኔ መች ሆነና? የኔን ደረት እኔው አውቀዋለሁ፣ ይገኝብኛል ብዬ ሰጋሁ። ንጹሕ ነኝ ብዬ ለአማቾቼ አፌን ሞልቼ እንድናገር የልጄን ነው የሰጠሁህ። እሷ ደግሞ ምን አላት፤ ሰሞኑን ብርድ መትቷት ትንሽ ይከረክራታል እንጂ…"

ቢላዋው ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። ልጅቷ ውስጥ ሆና ከልብስ ሰፊዋ ጋር ስለ ቬሎዋ በስልክ ታወራለች።

"አንድ አልጋ ነው የምንተኛው" አሉኝ ማዘር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔው ነኝ ያስያዝኳት።"