ለብቻው የሚዘራ ኑግ

ዕድሜዬን ስንዴ ላይ ስሠራ ቆይቼ ኑግ እንድፈትሽ ስታዘዝ ሥራውን ንቄው ነበር። ዝናብ ቀድሞ ሲቋረጥ የሚችለውን ዝርያ ከየገበሬው ለቅሞ፣ ጎን ለጎን ዘርቶ ማነጻጸር ነው፤ ይኼ ምን ያቅታል አልሁ። ደብረ ታቦር ካለው የግብርና ቢሯችን ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከጋፋት ወረድ ብሎ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አጭር፣ ቶሎ የሚደርስ ኑግ እንዳላቸው ሰምቼ ሄድሁ። ያን ዓመት ሰብላቸውን በረዶ መትቶት የተረፋቸው አንድ ቅል ዘር ብቻ ነበር።

«የእኛ ማሳ አጥርም ጠባቂም አለው። እጥፍ አድርጌ እመልስልዎታለሁ» አልኋቸው።

ብዙ አመነቱ። በመጨረሻ ቅሉን አውጥተው ሰጡኝ።

«አደራ ልጄ፣ ከሌላ ኑግ እንዳታቀራርበው። እኔ የማንም ኑግ በማይታይበት፣ ለብቻው ነው የምዘራው። ንብ ወሬኛ ናት፤ ካንዱ ቤት የሰማችውን ሌላው ቤት ሳታደርስ አታድርም» አሉኝ።

እሺ አልሁ፤ በልቤ ግን ሳቅሁ። ስንዴ ከስንዴ ጎን ቢዘራ ምን ይሆናል? ኑግም ያው መስሎኝ ቅሉን እስከ መጨረሻው ገልብጬ ከሌሎች ገበሬዎች ከለቀምኋቸው ረጃጅም ዝርያዎች መሐል ዘራሁት። ማሳው ቢጫ ለብሶ ንቡ ሲተራመስበት ቆሜ እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ቁርጥ አለ። ረጃጅሞቹ ጠወለጉ፣ የባልቴቷ ግን ፍሬ ያዘ። አገኘሁት ብዬ ለአለቃዬ ጻፍሁ፤ ተመሰገንሁ። ለእርሳቸውም እንደ ቃሌ ሁለት ቅል ሙሉ መለስሁ። መረቁኝ።

በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ላይ አስጠሩኝ። ከዘሩት ኑግ እኩሌታው አጭር ነው፤ እኩሌታው ከወገባቸው በላይ ረዝሞ ፍሬ ሳይቋጥር አበባውን እንደያዘ ደርቋል። ንቡ ዘሩን እንዳዳቀለው ያኔ ገባኝ። አጭር አጭሩን ለዘር እንዳይለቅሙ፣ እሱም ከረጃጅሞቹ ጋር አብሮ አብቧል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከዚያ ከወሰድኸው፣ ከዱሮው፣ እፍኝ እንኳ አስቀርተሃል?» አሉኝ።

አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም። ይህን እንዳልነግራቸው ግን ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

«አለ፣ ቢሮ ተቀምጧል። አመጣልዎታለሁ» አልሁ።

አደራ በላ የሚባለው እንደኔ ያለው ነው። መልእክት በላኩብኝ ቁጥር ሳምንት፣ ከሳምንት በኋላ እያልሁ ቀኑን ገፋሁት።

ሐምሌ ላይ በመኪና በዚያ ሳልፍ አካባቢው ሁሉ ዘርቶ ጨርሷል። የእርሳቸው ማሳ ብቻ ደጋግሞ ታርሶ፣ አፈሩ ለስልሶ፣ ባዶውን ነበር። ለምን እንዳልዘሩ በመስኮት ጎረቤታቸውን ጠየቅሁት።

«ቢሮ ያለው ልጄ ዘሬን ያመጣልኛል ብለው እኮ ነው» አለኝ።

ሾፌሩን ንዳ አልሁት።