አባቴ በስሜ የሠሩት ቤት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ስዊድን፣ ሻርሆልመን ገበያው መሀል አንድ ወጣት ያዘኝ። ለትምህርት መጥቶ፣ ሥራ አግኝቶ፣ በቅርቡ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጠው ልጅ ነው። ፊቱ ግን ስቅላት የተፈረደበት ይመስላል።

"ጋሼ፣ አዲስ አበባ በስሜ ቤት አለ። ኪራዩን ለግብር ማሳወቅ አለብኝ እንዴ?"

የግብር ማሳወቂያው ሚያዝያ ሲመጣ የዚህ ከተማ ሐበሻ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ የግብር አማካሪ፣ ግማሹ ምክር ፈላጊ። የማውቀውን ነገርኩት። እሱ አመስግኖ ወደ ባቡሩ ሲወርድ፣ የአባቴ ድምፅ መጣብኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት እኔም ከተማሪነት ገና መውጣቴ ነበር። ኖርስቦሪ፣ የባቡሩ መጨረሻ አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ማካሮኒ በበርበሬ እየበላሁ ነው የተመረቅኩት። ማካሮኒው ብቻውን እንኳን ሰው ድመትም አያስመርቅ። ቋሚ ፈቃዱ የመጣልኝ በረዶው ቀልጦ፣ እንዳያንሸራትት ብለው ክረምቱን መንገድ ላይ የበተኑት ጠጠር ከጫማ ሥር በሚንኮሻኮሽበት ሰሞን ነው። ደስታዬ ሳይበርድ ጓደኞቼ፣ "አሁንማ ቋሚ ሆነሃል፤ አገር ቤት ያለህንም ያስቆጥሩሃል" ብለው አስፈራሩኝ።

አገር ቤት ያለኝ ያ ቤት ነበር። አባቴ የበኩር ልጄ ነው ብለው በስሜ ሠሩት። ክፍሎቹን አከራይተው በኪራዩ ይተዳደራሉ፤ በጓሮ በኩል ያለችውን አንዲት ክፍል ግን አልጋ ዘርግተው ቆልፈዋታል። "ልጄ ትምህርቱን ሲጨርስ ይገባባታል" እያሉ ስንቱን ተከራይ መለሱ!

ግብር ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ በትዕግሥት ሰማችኝና፣ "ፈቃድህ ቋሚ ስለሆነ አይደለም። በግብር ሕግ እዚህ መኖር ከጀመርክ ቆይተሃል፤ ተማሪ ሳለህም" አለችኝ። እኔ እኮ የምማረው ስዊድን፣ የምኖረው አዲስ አበባ መስሎኝ! የኪራዩን ውል አምጣ አለችኝ።

ደወልኩ። ዝናብ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው በስልኩ ይሰማል።

"አባባ፣ የኪራዩን ውል ይላኩልኝ። እዚህ ነዋሪ ስለሆንኩ ማሳወቅ አለብኝ።"

"ነዋሪ? እስከ መቼ?"

"ቋሚ ነው፣ አባባ።"

"የጓሮዋስ? ባዶዋንም ትቀረጣለች?"

"እሷ ስላልተከራየች የለችበትም።"

"እንግዲያ ትከራይ፤ ስዊድኖቹ ቅር እንዳይላቸው።"

በሳቅ ፈረስኩ። እሳቸውም ሳቁ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት እንኳ ድንኳኑ ሳይነቀል ይሳቃል፤ ቀልድ ከእሳቸው የወረስኩት ነው።

በዚያው ሰሞን እህቴ ደወለች። አባባ የጓሮዋን ክፍል ከፍተው አልጋውን ፈታተው አወጡት፤ ላግዝዎት ብትል እንቢ አሏት። ወዲያው ተከራይ ገባ።

ግብሩስ እንደተፈራው አንገት የሚያስቆርጥ አልነበረም፤ ተስተካከለ። አባባ ግን ከዚያ ወዲያ በደወልኩ ቁጥር ስለ ብርዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። "መቼ ትመጣለህ?" የምትለዋን እስኪያርፉ ድረስ አላነሷትም።

እዚህ ወልጄ፣ እዚህ ሸብቼ ሳየው፣ እንደማልመለስ ሁሉም ከእኔ ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል፤ የግብር ቢሮዋ ሴትም፣ አባቴም። የሚቆጨኝ ግን እኔ ያኔ አለማወቄ ነው። ያን የደወልኩ ቀን "መቼ ትመጣለህ?" ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ "እመጣለሁ፣ አባባ" እላቸው ነበር፤ ያውም ከልቤ።