ከጀርባ የተከፈተ በር

አናጢው ሚስቱ ካረፈች ወዲህ መዶሻ ያነሳው ለእሷ ውሻ ሲል ነው። ክረምቱ ሳይገባ ለአንበሶ ከወፍራም ጣውላ ቤት ሠራለት። ወለሉን እርጥበት እንዳይነካው በድንጋይ ከፍ አደረገ፣ ጣራውን ቆርቆሮ አለበሰ፣ መግቢያውን ሌባ እንዲታየው ብሎ ወደ ግቢው በር አዞረ።

ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ጋሼ፣ ለውሻ ነው ለተከራይ?» አለችው።

«ተከራይ እንደዚህ ቢጮህማ እስካሁን አባርሬው ነበር።»

ሳቀች። እሱም ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ።

ዝናቡ ሲጀምር ግን አንበሶ አልገባም አለ። ያን የሚያህል ውሻ ከአዲሱ ቤት ጀርባ ተጋድሞ ይበሰብሳል። በሥጋ ቢያባብለው፣ በማሰሪያው ቢጎትተው፣ ገብቶ ወዲያው ይወጣል። ውሎ አድሮ ማሳል ጀመረ።

«እሱንም ልጣ እንዴ?» አለ አናጢው ለራሱ።

ቢቸግረው ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ከውሻው ጎን ቁጢጥ አለ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የመኖሪያ ቤቱ በር ነው፤ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ምግቡን ይዛ የምትወጣበት።

«ለካ አንተም ትመጣለች ብለህ ነው» አለው።

የውሻውን ቤት ብቻውን እንዳያዞረው ከበደው። መጋዙን አምጥቶ የጀርባውን ግድግዳ ቆረጠና በቆረጠው ጣውላ የፊቱን መግቢያ ደፈነ። አንበሶ አሽትቶ ገባ፤ አገጩን ደፉ ላይ አሳረፈ።

አሁን የመኖሪያ ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር አንበሶ ቀና ይላል። ማን እንደወጣ ያይና ተመልሶ ይተኛል።

«እኔ ነኝ» ይለዋል አናጢው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።