አባቴ ያጠፋው ቀይ ምልክት

ባለፈው ሳምንት ከወረዳ መጣን ያሉ ሁለት ወጣቶች የጎፋ ቤቴን አጥር በሜትር ለኩና በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። «ምንድን ነው ልጄ?» ብዬ ብጠይቅ አንደኛው ከስልኩ ቀና ሳይል «እኛ አናውቅም ማዘር፣ ወረዳ ይጠይቁ» አለኝ። ቀለም የያዘ የመንግሥት ሰው አላምንም፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ጎፋ ያኔ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ በየደጁ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ሽታ ግን ሁሉን ያስረሳ ነበር። ውሃ የምንቀዳው ቁልቁል ወርደን ከቦኖ፣ ከሰፈሩ የጋራ ቧንቧ ነው። እናቴን ወገቧን ስለሚያማት ጀሪካኑ የእኔ ድርሻ ነበር፤ ወረፋ ስጠብቅ የጠዋቱ ትምህርት ያልፈኛል።

መስከረም ላይ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው በየበሩ ቀይ ክብ ሠርተው ሄዱ። ምክንያቱ በእሁዱ የቀበሌ ስብሰባ ተነግሮ ኖሯል። አባቴ ግን ስብሰባ የሚሄደው ስሙ እስኪጠራ ነው፤ «አቤት» ይልና በጓሮ በር ሹልክ ይላል። እኔ ሳልወለድ መሀል ከተማ የነበረው ቤቱ እንዲህ ቀለም ተቀብቶ ለመንገድ ፈርሶበታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

«ሊያፈርሱን ነው» አለ።

«እስቲ ሄደህ ጠይቃቸው» አለች እናቴ።

«ሌባን ‹ልትሰርቀኝ ነው ወይ?› ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?»

ጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ጨርቅ በላምባ ነክሮ ክቡን ፈትጎ አጠፋው። እኔም በልቤ አባቴ ብልጥ ነው አልኩ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቆፋሪዎች መጡ። ለካ ክቡ የውሃ ቧንቧ ለሚገባለት ቤት ነው! ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ እልልታዋን ስታቀልጠው ቦዩ የእኛን በር አልፎ ሄደ።

«ምልክት የለውም» አለ አለቃቸው።

«ነበረው» አለ አባቴ።

«ታዲያ የት ሄደ?»

አባቴ ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቶ «በሚቀጥለው ዙር» ተባለ። ያ ዙር የመጣው እኔ ትምህርት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ቆፋሪዎቹ ባለፉን ማግስት ስነሳ ጀሪካኑ የለም። አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎት ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። ያኔ አባወራ ውሃ ሲቀዳ መታየት ነውር ነበር፤ ቦኖው ላይ ሴቶቹ ስቀውበታል አሉ። «አባዬ፣ እኔ አለሁ እኮ» አልኩት።

«አንቺ ትምህርትሽ ይረፍድብሻል» አለና ገባ። ቧንቧው እስኪገባልን ድረስ አንድም ጠዋት ጀሪካኑን አላስነካኝም። አሳዘነኝ፤ እንደዚያን ጊዜም ወድጄው አላውቅም።

የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ቀለም መቀባት ብቻ አልነበረም፤ ደጃችን ቆሞ ማስረዳትም ነበረበት። አባቴም መጠየቅ ነበረበት። ሁለቱም ሳያደርጉት ቀሩ። ነገ ወረዳ እሄዳለሁ፤ ቁጥሩ ለምን እንደተጻፈ እስኪነግሩኝ ከወንበሩ አልነሳም። የሚሉኝን አምን እንደሆነ ግን እንጃ።