አጥቤ ያመጣሁት አራት ቁጥር

ስምንት ዓመት የለበስኩትን አራት ቁጥር ማሊያ ዛሬ አጥቤ፣ አጣጥፌ ሜዳ ድረስ ካመጣሁት በኋላ ሌላ ተከላካይ ሲለብሰው ቆሜ አየሁ።

የምንጫወተው ክራይስሊጋ በሚባለው፣ እዚህ አገር ዝቅተኛው የወረዳ እግር ኳስ ሊግ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ፓርክ ውስጥ መጫወት ብቻ ነው። የቡድኑን ማሊያ በሙሉ የምናጥበውም በተራ ነው።

የዚህ ሳምንት ተራ የአምበላችን የሰለሞን ነበር። ኦስትሃፈን ወደብ ያለው መጋዘን ውስጥ አብረን ነው የምንሠራው፤ ቡድኑ ውስጥ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ሐሙስ ደውሎ «ወንድሜ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ እጠብልኝ» አለኝ። አጠብኩለት።

ዛሬ አሰልጣኙ የተሰላፊዎቹን ስም ሲያነብ ስሜን ዘሎ ሲያልፍ ሰለሞንን አየሁት። የታሰረ ጫማውን ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ።

«ማክሰኞ ነው የተወሰነው። እንዴት ብዬ ልንገርህ» አለ።

ማክሰኞ አውቆ ሐሙስ አሳጠበኝ።

ከቡድኑ ወጣሁ እንዳልል፣ የማጠቢያው ዝርዝር ላይ ስሜ አለ። የሚቀጥለው ሳምንት ተራ የእኔ ነው።

እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ማሊያውን ምን አደረጋችሁት?